ቤታችን ደረጃ የለውም

«ደረጃ ላይ ነው የወደቅሽው። ከጠየቁሽ ደረጃ ላይ፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አትጨምሪ። ገባሽ እማዬ?»

የሆስፒታል ጀሶ ሠሪዋ የእናቷን ጫማ በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለች ነበር፤ ታላቅ ወንድሟ ይህን ሲል እጇ ባለበት ቀጥ አለ። ቤታቸው ደረጃ የለውም። አንድ ክፍል ነው፤ አንድ አልጋ፣ ቀን ቀን ከአልጋው ሥር የሚገባ ፍራሽ፣ በሩ አልገጥም ብሎ በገመድ የሚታሰር ቁም ሣጥን። ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ስለተሠራ ዝናብ ሲበረታ ጎርፉ እንደ ዘመድ ሳያንኳኳ ይገባበታል። እናትየው እዚህ ቤት በኖረችበት ሠላሳ አራት ዓመት የወጣችው ከፍታ ቢኖር አምፖል ለመቀየር በርጩማ ላይ መቆሟ ነው፤ እሱንም ጉልበቷ ካስቸገራት ወዲህ ትታዋለች። እዚህ ቤት ደረጃ ላይ ለመውደቅ መጀመሪያ ደረጃውን መሥራት ያስፈልጋል።

«ገባኝ» አለች እናትየው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በጀሶ የታሸገ ቀኝ ክንዷን እንደ አደራ ዕቃ ጭኗ ላይ አስቀምጣው ነበር።

ወንድምየውን ሰፈሩ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጠራው «ዜናው» እያለ ነው። ገና ጥርሱን ሳይነቅል ማን እንዳረገዘች፣ የማን ባል ከሥራ እንደተባረረ በየበሩ እየዞረ ያወራ ነበር፤ ድምፁ ያኔም የትልቅ ሰው ነው። ያ ድምፅ ቴሌቪዥን ጣቢያ አስገባው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቀትሩን ዜና ሲያነብ ቆይቶ ዓርብ ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድ ሰዓቱን፣ ዋናውን ዜና ለሙከራ ሰጡት። ከወደዱት ከነገ ጀምሮ የራሱ ይሆናል። ዛሬ እሁድ ረፋድ ላይ ደግሞ ጣቢያው ዜና አንባቢዎቹን ከነእናቶቻቸው የሚያቀርብበት የቀጥታ ፕሮግራም አለ፤ ማስታወቂያው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲነገር ስለከረመ የእናትየው ክንድ ተሰበረ ብሎ መቅረት አይቻልም። ለዚህ ነው ደረጃ ያስፈለገው። ሲመጣ ስድስት ጠርሙስ የታሸገ ውሃ ይዞ መጥቷል። እሱ ሰፈር ውሃ አልጠፋም። ጀሶ ሠሪዋ አንዱን ጠርሙስ ከፍታ በገዛ መዳፏ እየቀዳች የእናቷን ፊት አጠበችበት፤ የተረፈውን ጠብታ እንኳ ሳህኑ ላይ አጠራቅማ ለጫማው አደረገችው። ወንድሟ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። በዚህ ቤት ሰው የማይለው ነገር ከሚለው ይበልጣል።

ዓርብ ዕለት ምን እንደሆነ ለማወቅ ጀሶ ሠሪዋ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ የሆነው ነገር ራሱ ተሰልፎ መጣላት። ቧንቧው ከደረቀ ሃያ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። በቦቴ የሚመጣው ውሃ አንዱ ጀሪካን የስድስት ዳቦ ዋጋ ሲያወጣ የሰፈሩ ሴቶች መረራቸውና ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ወጡ፤ ቢጫውን፣ ነጩን፣ የዘይት የነበረውን፣ አፉ በፌስታል የተወተፈውን ሁሉ አስፋልቱ ላይ ደረደሩት። እሷ ያን ጊዜ ሆስፒታል ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት የሠራችበት የጀሶ ክፍል ውስጥ ነጭ ብናኝ ቅንድቧ ላይ ተቀምጦ ፋሻ በባልዲ እየነከረች ሳለ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያዋ ሴት ክንዷን አቅፋ ገባች። ከዚያ ሁለተኛዋ። ከዚያ በሩ አልዘጋ አለ።

ክፍሉ አንድ ደንብ አለው፤ ደንቡን ያወጡት አሁን ጡረታ የወጡት አሮጌው የአጥንት ሐኪም ናቸው። መዝገቡ ላይ «በምን ምክንያት» የሚል ዓምድ አለ፤ እዚያ ላይ የሚጻፈው የሐኪም ቋንቋ አይደለም፤ የተሰበረው ሰው ራሱ እንዳለው፣ ከአፉ እንደወጣ፣ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስ ነው። «አጥንት አይዋሽም፤ ሰውየውን ስሙትና ከአጥንቱ ጋር አስተያዩት» ይሉ ነበር። የወደቀ ሰው በመዳፉ መሬት ስለሚይዝ የሚሰበረው የእጅ አንጓው ላይ ነው። ከላይ የሚወርድበትን ነገር ሊመክት ክንዱን ፊቱ ላይ ያነሳ ሰው ግን መሀል ክንዱ ላይ፣ በትንሿ ጣት በኩል ይሰበራል። ዓርብ ዕለት አሥራ ዘጠኝ ሰው መጣ፤ አሥራ አራቱ በዚያው በአንድ ቦታ የተሰበሩ ነበሩ። ጀሶ ሠሪዋ የሁሉንም ቃል ጻፈች። «ተቀመጡ አሉን፤ ተቀመጥን። ተነሱ አሉን፤ ስንነሳ መቱን» አለች አንዷ። «ልጄን ፍለጋ ነው የወጣሁት፤ ማን እንደመታኝ እንኳ አላየሁም» አለች ሌላዋ። እግሩ የተሰበረው ሽማግሌ ደግሞ «እኔ ሰልፈኛ አይደለሁም፤ ጀሪካን ጠጋኝ ነኝ። ይህን ያህል ጀሪካን አንድ ላይ ሳይ ገበያ የደራልኝ መስሎኝ ነው» አለ፤ እሱንም እንዳለው ጻፈችው። አሥራ ዘጠነኛዋ እናቷ ነበረች።

እናትየው አላለቀሰችም። ራጅ ስትነሳ፣ ልጇ አጥንቱን ስትገጥምላት፣ ፋሻውን ስትጠቀልል ከንፈሯን ነክሳ ግድግዳውን አየች። ብዕሩን አንስታ «በምን ምክንያት?» ስትላት ግን እንደማታውቃት ባለሙያ ቀና ብላ አየቻትና «ቆሜ ነበር። ጀሪካኑን ልቀቂ አለኝ። የኔ ነው አልኩት። በቆመጥ መታኝ» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ አሥራ ዘጠኙም ጀሶው እስኪደርቅ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ውስጥ ዜናው አዲስ ክራቫት አስሮ ብቅ አለ። «ዛሬ ረፋድ ላይ ጥቂት ግለሰቦች መንገድ ዘግተው የትራፊክ እንቅስቃሴ ያስተጓጎሉ ሲሆን፣ የጸጥታ አካላት ባደረጉት ውይይት ተግባብተው በሰላም ተበትነዋል። በሰውም ሆነ በንብረት ላይ የደረሰ ጉዳት የለም» አለ፤ ቀጥሎ መኪኖች በሰላም የሚተላለፉበት፣ ጀሪካን የሌለበት ባዶ አስፋልት ታየ። ጀሪካን ጠጋኙ በጀሶ የታሸገ እግሩን አየት አደረገና «እንግዲያው ይሄ የማን እግር ነው?» አለ። የሳቀ የለም። አንዷ ሴት ቀስ ብላ «ዜናው አይደል እንዴ? የሷ ወንድም» ስትል ሁሉም፣ ከነእርጥብ ጀሶአቸው፣ ወደ ጀሶ ሠሪዋ ዞሩ። ባልዲዋን ይዛ ቆማ ነበር። እናቷ ብቻ አልዞረችም፤ ዓይኗን ከባዶው አስፋልት አላነሳችም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ጀሶውን የጠቀለለውስ? ስለ እሱ ተረት የለም። እሷ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቂሟ እንደ ጀሶ ሲሞቅ፣ ቀጥሎም ሲደርቅ ተሰማት፤ ጀሶ ሲደርቅ እንደሚያቃጥል የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው። ያው ዓርብ ማታ ወንድሟ ወሬውን ከሰፈር ሰው ሰምቶ ደውሎ ለእናቱ ስለ ደረጃው ሲነግራት ሰማች። ክንድሽን ያመሻል ወይ ብሎ ሳይጠይቅ። ቅዳሜ ጠዋት የእናቷ ጣቶች ማበጥ አለማበጣቸውን ስታይ የጀሶ ክፍሉን፣ ቀለሙ የማይለቀውን ብዕር ከኪሷ አወጣች። ጀሶ ላይ የታሰረበትና የሚፈታበት ቀን ይጻፋል፤ ይህም የሥራው ደንብ ነው። ቀኑን ከላይ ጻፈች። ከዚያ ክንዱን ገልብጣ በመዳፍ በኩል፣ በማንጠልጠያው ጨርቅ ውስጥ ተሸፍኖ ለማንም በማይታየው በኩል፣ የእናቷን ቃል መዝገቡ ላይ እንዳሰፈረችው ጻፈችው። እናቷ ማንበብ አትችልም። «ምንድነው የምትጽፊው?» አለቻት። «የሚፈታበትን ቀን» አለች ጀሶ ሠሪዋ።

ጣቢያው ደረጃ ነበረው፤ ባለ ሰፊ እርከን፣ የሚያብለጨልጭ ደረጃ። በዜናው መኪና ደርሰው እናትየው የመጀመሪያውን እርከን ስትረግጥ ቆም አለችና ቁልቁል አየችው፤ አፏ ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ዜናው ቀድሞ ወጥቷል። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ የቆዳ ሶፋ፣ በሳህን የተቀመጠ ብስኩት፣ ውሃዋ እየፈላ ለብቻዋ የምትንጎራጎር ማንቆርቆሪያ ነበረች። ለካሜራ ፊት የምትቀባው ሴትዮ የእናትየውን ፊት ዱቄት አልብሳ «ስንት ዓመትዎ ነው? ቆዳዎ እኮ የልጅ ነው» ስትላት «ዛሬ ታጥቤ ነው» አለች እናትየው። ዜናው ሰፊ ሻርፕ ከቦርሳው አውጥቶ ጀሶውን ከላይ ሸፈነው፤ አስተካከለው፤ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየው፤ መልሶ አስተካከለው። እጁ ሲነካት እናትየው አልተነቃነቀችም። ከስቱዲዮው ሲጠሩት እየሮጠ ወጣ።

የፕሮግራሙ አቅራቢ ለሰላምታ የገባችው ያን ጊዜ ነው፤ ሳቂታ፣ ወረቀቷን እንደ ማራገቢያ የምታንቀሳቅስ ሴት። «ውይ እናታችን፣ ክንድዎን!» አለች። ጀሶ ሠሪዋ ሁለት ቀን ሙሉ ያዘጋጀችውን ቃል ለስላሳ አድርጋ አወጣችው። «እኔ ሆስፒታል ነው የምሠራው። ዘመድ ጀሶው ላይ ሲጽፍላቸው ሕመምተኞች በጣም ደስ ይላቸዋል። በመዳፍ በኩል ነው የሚጻፈው፤ ከላይ ቀን አለበት። ልጇ በሰው ፊት ቢጽፍላት እኮ…» የአቅራቢዋ ዓይን በራ። «አንቺ! ይሄማ ድንቅ ነው። እሱ እንዳይሰማ፤ በድንገት ነው የማደርገው» አለችና ብዕር ፍለጋ ኪሷን ዳበሰች። ጀሶ ሠሪዋ የራሷን ሰጠቻት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲሉ ሰምታለች፤ እሷ ግን ጸሎቱን ትታ ቂሙን ብቻ ነበር የያዘችው። ወደ እናቷ ዞር ስትል እናቷ ብስኩቱን ሻይ ውስጥ እየነከረች፣ ከብስኩቱ በላይ እሷን እያየቻት ነበር።

ስቱዲዮውን ከመጠበቂያው የሚለየው ትልቅ መስተዋት ነው፤ ድምፁ በድምፅ ማጉያ ይገባል። ጀሶ ሠሪዋ ግንባሯን መስተዋቱ ላይ አስደግፋ ቆመች። እናትና ልጅ ሮዝ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ስለ ልጅነቱ ተጠየቀ፤ ሰፈሩ «ዜናው» ይለው እንደነበር ሲናገር ስቱዲዮው ውስጥ ያሉት ሳቁ። ስለ እናቱ ድካም ተናገረ፤ ድምፁ የሚፈለግበት ቦታ ላይ ትንሽ ተሰበረ። አቅራቢዋ ወደ እናትየው ዞራ «ክንድዎን ምን ሆነው ነው እናታችን?» አለቻት።

«ደረጃ ላይ ነው ተብሏል» አለች እናትየው።

አቅራቢዋ ቀልድ መስሏት ከት ብላ ሳቀች፤ ዜናውም አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቀድሞ አለቀ። ያን ጊዜ አቅራቢዋ ብዕሩን ከወረቀቷ ሥር መዘዘችና በሕዝብ ፊት ለእናትህ የመልካም ምኞት ቃል ጻፍላት አለችው። ሻርፑን ራሷ ገለጠችው። ዜናው ፈገግ እንዳለ የእናቱን ክንድ ከማንጠልጠያው ቀስ ብሎ አወጣ፤ ገለበጠው፤ ፈገግታው ባለበት ቆመ። የጀሶ ሠሪዋ ትንፋሽ መስተዋቱን ጉም አለበሰው፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። አሁን አለች በሆዷ። አሁን አንብበው። የእናትህን ክንድ ዓርብ አላየኸውም፤ ዛሬ እጅህ ላይ ነው።

«ቀድሞህ የጻፈ አለ እንዴ?» አለች አቅራቢዋ። «እስቲ አንብብልን፤ ንባብ አይደል ሥራህ?»

ዜናው ክንዷን ከካሜራው ትንሽ ዞር አድርጎ በዚያው በወፍራሙ፣ በዘይት በታሸው ድምፅ አነበበ። «"እማዬ፣ ቶሎ ዳኚልኝ። ያላንቺ ቤቱ ይጨልማል" ይላል። እህቴ ናት የጻፈችው።» አቅራቢዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ጀሶ ሠሪዋ ሁሉን አስባ አንድ ነገር ረስታለች፤ ያልተጻፈውን ማንበብ ወንድሟ ዘጠኝ ዓመት የሠራበት ሙያ ነው። መስተዋቱን በጡጫዋ ልትመታው እጇን አነሳች። ያኔ በድምፅ ማጉያው ውስጥ ሌላ ድምፅ ገባ፤ ያልተሞረደ፣ የውሃ ሰልፍ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ድምፅ።

«እንደሱ አይልም» አለች እናትየው።

«እማዬ…»

«እንደሱ አይልም ልጄ። ማንበብ አልችልም፤ ቃሉ ግን የኔ ነው።» ክንዷን ከእጁ አውጥታ ጭኗ ላይ መለሰችው። አቅራቢዋን አየቻት፤ ካሜራ የትኛው እንደሆነ አታውቅምና ማየት ያለባት እሷን መሰላት። «የሚለው እንዲህ ነው። ቆሜ ነበር። ጀሪካኑን ልቀቂ አለኝ። የኔ ነው አልኩት። በቆመጥ መታኝ። አሥራ ዘጠኝ ነበርን። ቤታችን ደግሞ ደረጃ የለውም።»

ከዚያ በኋላ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ባለው ቴሌቪዥን ላይ የሳሙና ማስታወቂያ መጣ። አንዲት ሴት በሚንዠቀዠቅ ውሃ ሥር ፀጉሯን እየታጠበች ትስቅ ነበር።

ዜናው ወደ ጣቢያው ኮሪደር ሲወጣ ፊቱ ላይ የተቀባው ዱቄት በላብ ተሰንጥቆ ነበር። እናቱን አላያትም፤ በቀጥታ ወደ እህቱ መጣ። «አንቺ ነሽ። ጉሮሮዬን ዘጋሽው።» ጀሶ ሠሪዋ ይህን ጊዜ ለሁለት ቀን ስታልመው ነበር፤ የምትለውም ተዘጋጅቶ ነበር፤ ስለ አሥራ ዘጠኙ፣ ስለ ኮሪደሩ፣ ስለ ጀሪካን ጠጋኙ እግር። የወጣላት ግን «አጥንቷ በየት በኩል እንደተሰበረ እንኳ አልጠየቅህም» የሚል ብቻ ሆነ። የሆነ ሰው ስሙን ጠርቶት እየተጣደፈ ሄደ።

በታክሲ ነው የተመለሱት። እናትየው መስኮት ዳር ተቀመጠች። ጀሶ ሠሪዋ ደስታዋን የት እንደምታደርገው አጥታ ነበር፤ እቅፍ አድርጋ ልትስማት ቃጣት፤ የእናቷ ፊት ግን ለመሳም የተዘጋጀ አልነበረም።

«የሚፈታበት ቀን ነው አልሽኝ አይደል?» አለች እናትየው በመጨረሻ፤ ዓይኗ ከመስኮቱ ሳይነቀል። «ትናንት ውሃ ሰልፍ ላይ ሹራብ ሠሪዋ ጎረቤታችን አነበበችልኝ። ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ የኔ ቃል ተጽፎ አይቼ አላውቅም። ቤት ስገባ ነው የከነከነኝ።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ…»

«እሱም ለኔ ብሎ ነው። እሱ ደረጃ ሠራልኝ፤ አንቺ ደግሞ ግድግዳ አድርገሽ ጻፍሽብኝ። ጠይቀሽኝ ቢሆን እሺ እልሽ ነበር። ሁለታችሁም አልጠየቃችሁኝም።»

ጀሶ ሠሪዋ ጥፍሯ ሥር የቀረውን ደረቅ ጀሶ እየፈለፈለች ጣለች። ሰፈር ሲወርዱ ቦቴው ያለበት ቦታ የተሰለፉት ሴቶች እናትየውን ሲያዩ ማንም አልጮኸም፤ አላጨበጨበም። ብቻ መስመሩ ከፊት ተከፈተና እናትየው ጀሪካኗን ሳታመጣ ተራ ተሰጣት። ከተሰለፉት ውስጥ ብዙዎቹ አንድ እጃቸው ነጭ ነበር። ሹራብ ሠሪዋ በደህናው እጇ የራሷን ጀሪካን ሞልታ በራቸው ድረስ አመጣችላቸው።

አመሻሽ ላይ ስልኩ ጠራ። እናትየው በአንድ እጇ ስለማይመቻት ድምፁን ከፍታ አልጋው ላይ አስቀመጠችው፤ ጀሶ ሠሪዋ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። የዜናው ድምፅ ቀጥኖ የልጅነቱን መስሏል። የአንድ ሰዓቱን ዜና ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። የቀትሩንም ለጊዜው ተው ብለውታል። ነገ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ቅረብ ተብሏል። ጓደኞቹ፣ የሚስቱ ቤተሰቦች፣ የሚያውቀውም የማያውቀውም ምን ሆነህ ነው እያለ ይደውላል።

«ምን ልበላቸው እማዬ?» አለ። «አንቺ ንገሪኝ፤ ምን ሆንኩ ልበል?»

ጀሶ ሠሪዋ ቢላዋዋን አቆመች። እናቷ እንደምታባብለው፣ እናት ናትና እንደምትለሰልስ ጠረጠረች፤ ሁለት ቀን የጨሰው ቂሟ ተነሳባት። እናትየው ግን ጀሶዋን ትራሱ ላይ ከፍ አድርጋ አመቻቸች፤ ጎንበስ ብላ ስልኩን አየችው፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«ደረጃ ላይ ወደቅሁ በላቸው። ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አትጨምር። ገባህ ልጄ?»

ዜናው ስልኩን አልዘጋም። ከወንድምየው ጀርባ፣ ከሩቁ ወጥ ቤቱ፣ የሆነ ሰው ቧንቧ ከፈተ፤ ውሃው ሳህን ላይ መውረድ ጀመረ። እናትየውና ጀሶ ሠሪዋ ያንን ውሃ እስኪዘጋ ድረስ አዳመጡት።